ሪሞት ከመግዛታችሁ በፊት ዳንቴሉን አንሱ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ዕቃ የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ማታ ደግሞ የብሎካችን ነፃ የሪሞት ሐኪም ነኝ። ከእኛ ሰፈር ለሪሞት ብሎ መርካቶ መሄድ ግማሽ ቀን ይበላል። ሰልፉ አለ፣ ቃሊቲ ወርዶ ሌላ ታክሲ መያዝ አለ፣ መመለሻው አለ። ስለዚህ ሰው "የትኛውን ሪሞት ልግዛ?" ሲለኝ "ያለው ምን ሆነ?" ብዬ ነው የምጀምረው።

እንቁጣጣሽ ባለፈ በማግስቱ ሦስተኛ ፎቅ ያሉ እናት መጡ። ሪሞታቸው እንደ ወጉ በፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል።

"ልጄ፣ ድንጋይ ቀየርኩለት፣ ዝም ነው። ያንኑ የሚመስል ሌላ ገዛሁ፣ እሱም ዝም።"

"እስቲ እንውጣና ልየው እማማ" ብዬ ተከተልኳቸው። ሪሲቨሩ ቡፌው ላይ ተቀምጧል። ነጭ ዳንቴል ለብሷል። የዳንቴሉ ጫፍ ከፊት ተንጠልጥሎ የሪሲቨሩን ዓይን ድፍን አድርጎታል። ገለጥ አደረግኩት። አሮጌውም ሠራ፣ አዲሱም ሠራ። "ለበዓል አጥቤ ያለበስኩት እኮ ነው!" አሉና ቡና አፈሉልኝ።

ተራው ሪሞት የሚልከው ብርሃን ነው፤ ኢንፍራሬድ ይባላል። የሞገድ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 940 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ዓይናችን አያየውም። ባህሪው ግን የብርሃን ነው። ግድግዳ፣ በር፣ ወፍራም መጋረጃ አያልፍም። ነጭ ግድግዳ ላይ ግን ይነጥራል። ሪሞቱን ወደ ኮርኒስ አዙራችሁ ስትጫኑ ቲቪው ከታዘዘ አትደነቁ።

መፈተሻው ቀላል ነው። የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱ፤ የሰልፊው ይሻላል፣ የኋላው በአንዳንድ ስልክ ይህን ብርሃን ያጣራዋል። የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ካሜራው አዙሩና አንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ሐምራዊ ወይም ነጣ ያለ ብልጭታ ካያችሁ ሪሞቱ በሕይወት አለ። የሚበራው ለአንዳንዱ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ውስጡ ያለው ጎማ ቆሽሿል። ተፈትቶ በአልኮል ሲጠረግ አብዛኛው ይነሳል።

ስለ ርቀት ብዙ ሰው የሚያማርረው በከንቱ አይደለም። ደህና ሪሞት ፊት ለፊት ከ8 እስከ 10 ሜትር ይደርሳል፤ ወደ ጎን ስታዘነብሉት ይቀንሳል። የእኛ ሳሎን ከሶፋ እስከ ቲቪ ቢበዛ 4 ሜትር ነው። ስለዚህ "ተጠግቼ ካልሆነ አይሠራም" ማለት በሽታ አለ ማለት ነው።

መጀመሪያ ድንጋዩን እዩ። አንዱ 1.5 ቮልት ነው፣ ሁለቱ 3። በቮልት መለኪያ ሲለካ አንዱ ከ1.2 በታች ከወረደ መብራቱ ይደክማል። አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ አድርጎ ማስገባት የእኛ ሰው ልማድ ነው፤ ተዉት፣ አሮጌው አዲሱንም ይዞት ይወርዳል። ስፕሪንጉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ፍቁት። ቀጥሎ ፌስታሉን አውጡ። ወጥ የነካው እጅ ስንት ወር የጨበጠው ፌስታል ጭጋግ ነው የሚሆነው። ከዚያ ፀሐይዋን እዩ። የእኔ ሳሎን መስኮት ወደ ምዕራብ ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቲቪው ፊት ላይ ስታርፍ ሪሞቱ ይሰንፋል። መጋረጃውን ስስበው ይነቃል። በ1955 ዓ.ም. በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዜኒት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ሪሞት በሚታይ ብርሃን የሚሠራ ነበርና ፀሐይ ስትመታው ቲቪው ራሱ ቻናል ይቀይር ነበር። የእኛ ከዚያ ይሻላል።

አሁን ዩኒቨርሳል ወደሚባለው "ለሁሉም የሚሆን ሪሞት" እንምጣ። ለሁሉም አይሆንም።

ሪሞት ሲጫን ብርሃኑ ዝም ብሎ አይበራም፤ በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የሶኒ 40,000 ነው፣ ፊሊፕስ ያወጣው አርሲ 5 የሚባለው የሪሞት ኮድ ዓይነት ደግሞ 36,000። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ ኮድ አለው። ቲቪው ፌርማታ ላይ እንደቆመ ተሳፋሪ ነው። ረዳቱ "ሳሪስ፣ ሳሪስ" ቢል ቃሊቲ የሚሄደው ሰው አይንቀሳቀስም። ዩኒቨርሳል ሪሞት የብዙ መስመር ረዳት ነው፤ የእናንተን መስመር እንዲጠራ ማዘዝ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

አሠራሩ ከሪሞት ሪሞት ትንሽ ይለያያል፣ አካሄዱ ግን እንዲህ ነው። ቲቪውን አብሩ። "ሴት" (SET) የሚለውን ቁልፍ ቀዩ መብራት በርቶ እስኪቀር ተጫኑ። አብሮት ከመጣው ወረቀት የቲቪያችሁን ስም ፈልጋችሁ ኮዱን አስገቡ፤ መብራቱ ከጠፋ ተቀብሏል። ወረቀቱ ከጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜም ይጠፋል፣ ፍለጋውን ተጠቀሙ። በብዙዎቹ ላይ "ሴት" ከበራ በኋላ የማጥፊያውን ቁልፍ ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ትጫናላችሁ። ቲቪው ድርግም ሲል ወዲያው አቁሙና ኮዱ እንዲያዝ "ሴት"ን ንኩት። እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም። እኔ ራሴ አንድ ማታ ተቻኩዬ አልፌው ከመቶ ምናምን ኮድ በኋላ እንደገና ጀምሬያለሁ።

ማጥፊያው ሠራ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ድምፁን ሞክሩ፣ ሜኑውን ሞክሩ። ድምፁ እምቢ ካለ ለዚያው ቲቪ የተጻፈውን ቀጣይ ኮድ አስገቡ።

ሌላ ዓይነትም አለ፣ የሚማር ሪሞት። ሁለቱን አፍንጫ ለአፍንጫ ጥቂት ሴንቲሜትር አራርቃችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ የአሮጌውን ቁልፍ ስትጫኑ አዲሱ ይቀዳል። እኔ የምወደው ይህንን ነው። ግን አሮጌው በሕይወት ሳለ ብቻ ነው። ልጅ ያለበት ቤት ሪሞቱ ከመሰበሩ በፊት ቢያስቀዳ ይሻለዋል።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ለእህቴ አንድሮይድ ቦክስ፣ ተራውን ቲቪ እንደ ስማርት ቲቪ ለሚያደርገው ትንሽ ሳጥን፣ ዩኒቨርሳል ሪሞት ገዛሁ። ሻጩ "ወንድሜ፣ ሁሉንም ይከፍታል" አለኝ። እኔም በሙያዬ ሳላፍር አመንኩት። ማታ እስከ 4 ሰዓት ኮድ ስፈልግ አመሸሁ። ቦክሱ በብሉቱዝ ነበር የሚሠራው። ብሉቱዝ 2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ያለ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ግድግዳም ዳንቴልም ያልፋል፣ ማነጣጠርም አያስፈልገው። ቦክሱ የብርሃን ሪሞት ግን አይሰማም፤ ጆሮ ብቻ ላለው ሰው ከሩቅ እንደመጥቀስ ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ዋናውን ሪሞት በካሜራ እዩት። ብልጭታ ከሌለውና ሪሞቱ ግን የሚሠራ ከሆነ በሬዲዮ ነው። የድምፅ መቀበያ ማይክ ካለውም መጠርጠር ነው። የሳምሰንግና የኤልጂ ስማርት ቲቪ ሪሞቶች ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን በኢንፍራሬድ፣ ሌላውን በብሉቱዝ የሚልኩ አሉ። እንዲህ ያለው ሪሞት ማጥፊያው ብቻ ሲሠራ የተበላሸ ይመስላል። ችግሩ የሪሞቱና የቲቪው የብሉቱዝ ትውውቅ መቋረጡ ነው። በሳምሰንጉ ላይ የመመለሻውንና የማጫወቻውን ቁልፍ አንድ ላይ 3 ሰከንድ ያህል ያዙ። በኤልጂ ማጂክ ሪሞት ቲቪው በርቶ ሳለ መሐል ያለውን ጎማ ተጫኑ። አንድሮይድ ቦክስ ከሆነና ሪሞቱ ጭራሽ ከጠፋ የኮምፒውተር ማውስ ዩኤስቢው ላይ ሰክታችሁ ሴቲንግ ውስጥ ግቡ፤ አዲሱን ብሉቱዝ ሪሞት ከዚያ ታስተዋውቃላችሁ። የእህቴን በመጨረሻ እንዲያ ነው የፈታሁት፣ በሱቄ አሮጌ ማውስ።

አያትና ለገጣፎ በኩል የግቢ በር በሪሞት የሚከፍቱም ይመጡብኛል። እሱ ሌላ ሬዲዮ ነው፤ የቲቪ ዩኒቨርሳል ሪሞት አይነካውም።

አንድ ነገር ቀረኝ። አንዳንዱ ሪሞት ድንጋዩ ሲወጣ ኮዱን ይረሳል። ስለዚህ የሠራላችሁን ኮድ በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ የድንጋዩ ክዳን ውስጥ ለጥፉት። ከፈለጋችሁ ከዚያ በኋላ ፌስታሉን መልሱለት፣ አፍንጫውን ግን ክፍት ተዉለት።