ሁሉን የሚችል ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት የተበላሹ ፎቶዎቻችሁን አውጡ

ካሜራ የገዛ ሰው ሁሉ ሦስት ወር ሳይሞላው አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «አንድ ሌንስ ብቻ ብጨምር ምን ልግዛ? ሁሉንም የሚሠራ።» የኔም መልስ አንድ ነው፤ ያማሩትን ተዋቸውና የተበላሹትን አሳየኝ። የተበላሸ ፎቶ የትኛው ሌንስ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። አንዳንዴም ምንም ሌንስ እንደማያስፈልግ።

የምጽፈው ብዙ ጀማሪ እጅ ላይ ለማየው ዓይነት ካሜራ ነው፤ ካነን 700ዲ፣ ኒኮን ዲ3200 እና የመሳሰሉት፣ አብሯቸው ከሚመጣው 18-55 ዙም ሌንስ ጋር (ቁጥሩ ሚሊ ሜትር ነው፤ 18 ሰፋ አድርጎ ያሳያል፣ 55 ያቀርባል)። የእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰር፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ፣ ፉል ፍሬም ከሚባሉት ካሜራዎች ሴንሰር ያነሰ ነው። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ጣጣ ታመጣለች።

«ቤት ውስጥ ሳነሳ ብዥ ይላል»

ቁጥር አንድ ስሞታ ይሄ ነው። ሌንሱን ከመውቀሳችሁ በፊት ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና አቅርባችሁ እዩት።

ግድግዳው፣ ሶፋው፣ ሰዉ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳበ የተንቀጠቀጠው እጃችሁ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕል ጥርት ብሎ የልጁ እጅና ፊት ብቻ ከተሳበ የተንቀሳቀሰው ልጁ ነው። ልጁ ብዥ ብሎ ከኋላው ያለው መጋረጃ ጥልፉ ሳይቀር የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ ፎከሱ የሄደው መጋረጃው ላይ ነው። ይሄ የመጨረሻው በነጻ ይድናል። የፎከስ ነጥቡን ካሜራው እንዲመርጥ አትተዉለት። አንዷን ነጥብ ራሳችሁ ምረጡና ዓይን ላይ አሳርፏት።

የቀሩት ሁለቱ ከብርሃን ማነስ የሚመጡ ናቸው። 18-55 ሌንስ 55 ላይ ሲሆን አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል)። ማታ በአንድ አምፖል በምትበራ ሳሎን ውስጥ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበትን ልክ፣ 1600 ብታደርጉ እንኳ ካሜራው ፎቶውን ለመቅዳት 1/15 ሰከንድ አካባቢ ይጠይቃል። ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ግን 1/125 ይፈልጋል። እስክስታ ከሆነማ 1/250ም ላይበቃ ይችላል። ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ከኤፍ 5.6 ጋር ሲወዳደር ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ያቺ 1/15 ወደ 1/150 ትጠጋለች ማለት ነው።

ገንዘብ ሳታወጡ መጀመሪያ ይህን ሞክሩ። ዙሙን ወደ 18 መልሱና በእግራችሁ ቅረቡ፤ 18 ላይ ሌንሱ ኤፍ 3.5 ድረስ ይከፈታል፣ ብርሃኑም ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። ከዚያ አይኤስኦውን ወደ 3200 ስቀሉት። ነጠብጣብ ይበዛል፣ ይብዛ። ነጠብጣብ ያለበት ጥርት ያለ ፎቶ ንጹሕ ከሆነ ብዥታ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ስለሆነ። ሻጭ «ይሄ ማረጋጊያ አለው፣ ብዥ አይልም» ይላል። ማረጋጊያ የእናንተን እጅ ያረጋጋል እንጂ የሚሮጥ ልጅ አያቆምም። ብዥታችሁ ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ማረጋጊያው ምንም አያደርግላችሁም።

«50 ገዛሁ፣ ሰው አልገባ አለኝ»

የአክስቴ ልጅ እንዲህ ሆነ። ሁሉም ሰው «50 ኤፍ 1.8 ግዛ፣ ርካሽ ነው፣ አሪፍ ነው» አለው። ገዛ። ውሸት አይደለም፣ አሪፍ ሌንስ ነው። በሳምንቱ እነሱ ቤት ቡና ተፈላ። አክስቴ ረከቦቱ ጋ ተቀምጣለች፤ ዙሪያውን ጎረቤትና ልጆች። ልጁ ካሜራውን አነሳ። አክስቴና ጀበናው ገቡ፣ ሌላው ሁሉ ቀረ። ወደ ኋላ ሄደ። ጀርባው ቢፌው ላይ ተለጠፈ፣ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ፣ አሁንም ሁለት ሰው ብቻ። መጨረሻ ላይ በሩን ከፍቶ በረንዳ ላይ ወጣ። አክስቴ ቀና ብላ አየችውና «ምነው ልጄ፣ እንደ መንገደኛ ከውጭ ሆነህ ታነሳናለህ?» አለችው።

ምክንያቱ ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ ትንሿ ሴንሰር ናት። ካነን ላይ 50 የሚያሳየው ፉል ፍሬም ላይ 80 የሚያሳየውን ያህል ብቻ ነው፤ ኒኮን ላይ 75። በሜትር ላስቀምጠው። ከካነኑ ጋር 3 ሜትር ርቃችሁ ስትቆሙ በ50 ሌንስ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው ስፋት 1.3 ሜትር ገደማ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ የገጠሙ ሁለት ሰዎች። በ35 ወደ 1.9 ሜትር ይሰፋል። በ24 ወደ 2.8 ሜትር፣ በ18 ደግሞ ወደ 3.7 ሜትር። አሁን ተነሡና የራሳችሁን ሳሎን በእርምጃ ለኩት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስንት ሜትር ነው? ሶፋውን ስትቀንሱለትስ?

ስለዚህ ዙም የሌለው ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ያለችውን 18-55 እንደ መለኪያ ተጠቀሙባት። ነጭ የቁስል ፕላስተር አምጡ። የዙሙን ቀለበት 35 ላይ አድርጉና በፕላስተር እሰሩት። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያው አንሱ፤ ቤት፣ ሰፈር፣ ታክሲ ተራ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ። በሚቀጥለው ሳምንት 50 ላይ እሰሩት። በየትኛው ሳምንት ነው ፕላስተሩን ለመላጥ እጃችሁን የበላችሁ? ያ ቁጥር የናንተ አይደለም።

ሌላም ማስረጃ አለ። ኮምፒውተር ላይ ፎቶውን በቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ ብትሉ ፎከል ሌንግዝ የሚል መስመር ታገኛላችሁ፤ ሌንሱ በስንት ሚሊ ሜትር ላይ እንደነበር የሚናገር ነው። ከወደዳችኋቸው ፎቶዎች ሃምሳውን ያህል ክፈቱና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። አብዛኛው 18 እና 20 አካባቢ የሚያርፍ ሰው 50 ገዝቶ ምን ያደርግለታል?

35 የወጣላችሁ የኒኮን ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ፤ ለናንተው ሴንሰር የተሠራ 35 ኤፍ 1.8 አለ፣ ክብደቱም 200 ግራም ነው። ቤት ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ምግብ ቤት፣ ለሁሉም ይሆናል። አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ለጀማሪ እሱን ነው የምሰጠው። ለካነን ሰው እንደ ብስኩት ጠፍጣፋ የሆነችው 24 ኤፍ 2.8 አለች፤ 125 ግራም ብቻ፣ ኪስ ትገባለች፣ እስከ 16 ሳንቲ ሜትር ተጠግታ ታነሳለች። ግን ብዙ አትጠብቁባት፤ የምታስገባው ብርሃን 18-55 እዚያው 24 ላይ ሆና ከምታስገባው እጥፍ ቢሆን ነው። ጨለማ ዋና ችግራችሁ ከሆነ እሷ አታወጣችሁም።

«ከኋላ ያለው አይደበዝዝልኝም»

ሰውየውን ግድግዳ አስደግፋችሁ ስታበቁ ግድግዳው እንዲደበዝዝ ትፈልጋላችሁ። አይሆንም። ከግድግዳው አራት አምስት ሜትር አርቁት፣ ዙሙን 55 ላይ አድርጉ፣ እናንተ ቅረቡ፣ አፐርቸሩን እስከሚከፈተው ክፈቱት። በ18-55ም ይደበዝዛል። ይህን አድርጋችሁ ካልበቃችሁ፣ የምታነሱትም በአብዛኛው የአንድ ሰው ፊት ከሆነ፣ ያ የአክስቴ ልጅ 50 ለናንተ ነው። እሱም ቢሆን ግቢ ውስጥ ሲወጣበት ልዩ ነው።

«አፍንጫዬን አተለቅከው»

18 ላይ አድርጋችሁ ፊት ስር ገብታችሁ ነዋ። አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለሌንሱ በጣም ስለቀረበ ይገዝፋል። ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሂዱና ዙም አድርጉ። አለቀ።

«ሌንሱ ገብቷል፣ ፎከስ ግን አያደርግም»

መጀመሪያ ሌንሱ ጎን ላይ ያለችውን ማብሪያ የመሰለች ቁልፍ እዩ። ኤምኤፍ (ፎከስ በእጅ) ላይ ከሆነች ወደ ኤኤፍ (ፎከስ በራሱ) መልሷት። አትሳቁ፣ ከቦርሳ ሲወጣ ነክቷት ግማሽ ቀን በብዥታ ያለፈበት ሰው አውቃለሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም።

ቁልፏ ትክክል ከሆነ ወደ ስሙ እንሂድ። ኒኮን ላይ በፊደል ብዛት የሚያደናግር ነገር አለ። ኤኤፍ-ዲ የሚባሉት የቆዩ ሌንሶች ራሳቸው ሞተር የላቸውም፤ ካሜራው ሞተር እንዲኖረው ይጠብቃሉ። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ደግሞ ያ ሞተር የላቸውም። ስለዚህ ሌንሱ ይገባል፣ ፎቶም ያነሳል፣ ፎከሱን ግን በእጅ ማዞር የናንተ ሥራ ይሆናል። 50 ኤፍ 1.8 ዲ በርካሽ ያገኘ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያለቅሰው። ስሙ ላይ ኤኤፍ-ኤስ የሚለውን ፈልጉ። በተቃራኒው ኤኤፍ-ፒ የሚባሉት አዲሶቹ እንደ ዲ3200 እና ዲ5100 ያሉ ቆየት ያሉ ካሜራዎች ላይ ፎከስ አያደርጉም። የቆየ ሌንስ ስትገጥሙ ስክሪኑ ኤፍ-ኢ-ኢ የሚል ጽሑፍ ካወጣ ደግሞ አልተበላሸም፤ የሌንሱን የአፐርቸር ቀለበት መጨረሻው ቁጥር ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ 22 ላይ፣ አዙራችሁ ቆልፉት።

ካነን ቀለል ይላል። ነጭ አራት ማዕዘን ምልክት ያለው ሌንስ ለትንሿ ሴንሰር ብቻ ነው፣ እንደ 6ዲ ያለ ፉል ፍሬም ላይ አይገጥምም። ቀይ ነጥብ ያለው ሁለቱም ላይ ይሄዳል። ነገ ካሜራ ልቀይር የሚል ሰው ቀይ ነጥቡን ይምረጥ። ኤረር 01 ካለ ካሜራውና ሌንሱ አልተግባቡም ማለት ነው፤ አጥፉትና ሌንሱ ጀርባ ላይ ያሉትን ወርቅማ ነጥቦች በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ።

«18-200 ገዛሁ፣ ሁሉም ነገር ፈዘዘብኝ»

ሁሉን የሚችል ሌንስ ሲባል ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ይሄ ነው። ከ18 እስከ 200 በአንድ ዕቃ። 200 ላይ ግን ቀዳዳው ያው ኤፍ 5.6 ነው፤ ጨለማው ቤት ጨለማ ሆኖ ይቀጥላል። በዚያ ላይ 200 ላይ ትንሿ የእጅ መንቀጥቀጥ ትጎላለች። ማረጋጊያው ከሌለ ወይም ከጠፋ ቢያንስ 1/320 ያስፈልጋችኋል። ጠርዝ ላይም ጥራቱ ይወርዳል፤ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 ማጥበብ ይረዳል።

እንዲህ ብዬ ግን ላጣጥለው አልፈልግም፣ ቦታ አለው። ጥምቀትን ጃንሜዳ አስቡት። እኩለ ቀን፣ ብርሃን እንደ ልብ። ፊት ለፊታችሁ የሚዘምሩ ልጆች፣ ርቀው የሚታዩ ካህናት ከነጥላቸው፣ ዙሪያው ሕዝብ፣ አቧራው፣ ከላይ የሚረጨው ጠበል። እዚያ መሀል ሌንስ ላውጣ ላግባ የሚል ሰው ሴንሰሩን ጠበል ያስነካል። እንዲህ ላለው ቀን 18-200 ወይም 18-135 ከምንም ይበልጣል። ሰርግ ጀምራችሁ ገንዘብ ልትቀበሉ ከሆነ ግን 17-50 ኤፍ 2.8 ፈልጉ፤ ሲግማም ታምሮንም ሠርተዋል። 50 ላይም ኤፍ 2.8 ይከፈታል፣ ከ18-55 አራት እጥፍ ብርሃን ማለት ነው። ሲግማው ከግማሽ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ማታ አንገት ያስታውሰዋል። ታምሮኑ ማረጋጊያ ያለውና የሌለው ዓይነት ስላለው ከመክፈላችሁ በፊት ለዩ።

«ነጠላው ያምራል፣ ፊቱ ጨለመ»

ይሄ የሌንስ ጉዳይ አይደለም፤ ስንት ሰው ግን በሱ ምክንያት ሌንስ ቀይሯል። ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን በዝቷል ብሎ ፎቶውን ያጨልመዋል። የመደመርና መቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጭናችሁ ወደ መደመሩ 0.7 ወይም 1 ውሰዱት። ቀትር ላይ ከሆነ ደግሞ ሰውየውን ጥላ ውስጥ አግቡት።

«መብራት ዙሪያ ጉም ይታያል»

በራሴ የደረሰ ነው። ያገለገለ 17-50 ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ውጪው እንደ አዲስ ያብለጨልጫል። ቀን ሳነሳበት ምንም የለውም። ክረምት ላይ ማታ አንድ ግብዣ ሳነሳ ግን እያንዳንዱ አምፖል ዙሪያውን ነጭ ጉም ለበሰ። የፊቱን መስታወት ጠረግሁ፣ ያው ነው። ቤት ገብቼ የስልኬን ባትሪ ከኋላው አበራሁበትና በፊት በኩል አየሁ። ውስጥ ጥግ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል፤ ሻጋታ። ፈትቶ ለሚያጸዳ ሰው ሰጠሁት፣ ድሩ ለቀቀ፣ ጠባሳው ግን መስታወቱ ላይ ቀረ።

እናንተ ቀድማችሁ አብሩ። ሱቅ ውስጥ፣ ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ። ባትሪውን በስተኋላ አድርጉና ሌንሱን ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ምንም አይደለም፤ ድር የመሰለ ክር፣ ወይም አፐርቸሩ ምላጮች ላይ የሚያብረቀርቅ ዘይት ካያችሁ መልሱ። ዙሙን ከዳር እስከ ዳር አዙሩት፣ መፋጨት የለበትም። የኋላው መስታወት ላይ ያለ ጭረት ከፊተኛው ይልቅ ፎቶ ላይ ይታያል። ከገዛችሁም በኋላ ክረምቱን በቆዳ ቦርሳ ዘግታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡት፤ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትጥሏትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አብራችሁ ክተቱ።

ሻጩ «እሱማ አቧራ ነው፣ ይጠረጋል» ካላችሁ፣ ጠርጎ ያሳያችሁ።