የሴል ሽፋንን በቀይ ስር እንዴት እናያለን?

የሴል ሽፋን ውፍረቱ ከ7 እስከ 8 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት ከመቶ ሺህ በላይ መደራረብ አለበት። ስለዚህ በተራ ማይክሮስኮፕ ሽፋኑን ነጥሎ ማየት አይታሰብም። መቀደዱን ግን ከውስጥ በሚፈሰው ቀለም ማየት ይቻላል፤ ለዚያ ደግሞ ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ አንድ ቀይ ስር መግዛት ይበቃል። ጠንከር ያለውን ምረጡ፣ የጠወለገውን ተዉት።

ማታ አንድ ቁራጭ አጥባችሁ ፍሪዘር ውስጥ ጣሉት። መብራት ከጠፋ ያው ለሌላ ቀን ነው። በነጋታው ሌላ ሦስት እኩል ቁራጭ ቁረጡ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ማጠብ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቢላዋው ያለፈበት ሴል ሁሉ ተቀዷል፣ ቀለሙም ፈሷል። ሳታጥቡ ብርጭቆ ውስጥ ከከተታችሁት ሁሉም ይቀላና ሙከራው ገደል ይገባል። የምታጥቡበት ውሃ ጠብታ ቀለም እስኪያጣ ድረስ ደጋግሙት። ድሬ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ቀትር ላይ ጣራ ላይ ካለው ሮቶ የሚወርደው "ቀዝቃዛ" ውሃ ሻይ ሊያፈላ ምንም አይቀረው። ማለዳ ቀድታችሁ ጥላ ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ተጠቀሙ።

ከዚያ አራት ብርጭቆ። ሁለቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ፤ ሁለተኛው ለበረዶው ቁራጭ ነው። ሦስተኛው ላይ የፈላና ቀዝቃዛ ውሃ እኩል ቀላቅሉ፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። አራተኛው ላይ የፋርማሲ 70 ፐርሰንት አልኮል። በአልኮሉ ፈንታ ኦሞ የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም፣ የዱቄት ሳሙና ቀለሙን ራሱን ወደ ቢጫ ሊቀይረው ይችላል። ግማሽ ሰዓት ጠብቁና ከኋላ ነጭ ወረቀት ይዛችሁ አወዳድሩ።

የመጀመሪያው ብርጭቆ ብዙም አይቀላም። ለምን? ሽፋኑ ፎስፎሊፒድ የሚባል የስብ ዓይነት ሞለኪውል ሁለት ረድፍ ነው። ውሃ ወዳድ ጭንቅላታቸው ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ውሃ የሚሸሽ የስብ ጅራታቸው መሃል ላይ ፊት ለፊት ይገናኛል። የቀይ ስር ቀለም በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ በዚያ ስብ መሃል ማለፍ አይሆንለትም። በረድፎቹ መካከል የተሰኩት ፕሮቲኖች እንደ በር ጠባቂ ናቸው፣ የሚያሳልፉትን ይመርጣሉ። ሙቀት ስቡን ያላላዋል፣ ፕሮቲኑንም ቅርጹን ያሳጣዋል። አልኮል ስቡን ያሟሟል። ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ የበረዶው ስንጥር ሽፋኑን ይበሳዋል፤ ሲቀልጥ ቀለሙ ዝም ብሎ ይወርዳል።

የሴል ግድግዳ የሚባለውን ከዚህ ጋር እንዳታምታቱ። እሱ ከሽፋኑ ውጭ ያለ የሴሉሎስ ቅርፊት ነው፣ ቀለሙን አያግደውም። ቀለሙ የሚቀመጠው ቫኪዩል በሚባለው፣ ሴሉ ውስጥ ባለ የፈሳሽ ከረጢት ስለሆነ ለመውጣት የሚያልፈው ሁለት ሽፋን ነው፤ አንዱ የቫኪዩሉ፣ አንዱ የሴሉ።

አልኮል የነካውን ቁራጭ ጣሉት። የተረፈውን ከድንች ጋር ቀቅሉና ሎሚ ጨምቁበት።