ሚኒሞ ለማስጨመር አትቸኩሉ

ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ አካባቢ ለምትነዱ። መኪናው ቆሞ ሲርገፈገፍ ወይም ልጥፋ ልጥፋ ሲል ብዙ ሰው መካኒኩን «ሚኒሞ ጨምርልኝ» ይለዋል፤ ሚኒሞ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት ነው። ይሄ ችግሩን መሸፈን ነው፤ ትርፉ ነዳጅ መጨረስ።

መጀመሪያ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ኤሲውን አጥፉ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙና አርፒኤሙን (ሞተሩ በደቂቃ ስንቴ እንደሚዞር የሚያሳየውን ቀስት) እዩ። አብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች ከ600 እስከ 1,000 ባለው ውስጥ ረግተው ይቆማሉ። ጠዋት በብርድ ከዚያ በላይ ቢል አትደንግጡ፣ ሲሞቅ ራሱ ይወርዳል።

ቀስቱ ከፍ ዝቅ እያለ ካስቸገረ ኮፈኑን ክፈቱና አዳምጡ። (ነጠላ ወይም ሻርፕ ያደረጋችሁ ከቺንጋው (ሞተሩ ላይ ከሚሽከረከረው ቀበቶ) ራቅ በሉ!) «ስስስ» የሚል ድምፅ ካለ አንዱ የአየር ቱቦ ተሰንጥቆ ወይም ወልቆ ሊሆን ይችላል። ዝም ካለ ሞተሩን አጥፉና የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩት። በእኛ ሰፈር አቧራ ቶሎ ይደፈናል። ትሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ክፍል) ውስጥ ጥቁር ጥላሸት ከተጋገረ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማጽዳቱ ብቻ ይበቃል፤ አዲስ ግዙ ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ።

መኪናው ዘለል ዘለል እያለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላና ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው ቦቢናው ይታይ።