አሳው መንጠቆ አልነካ ሲል፦ የብርድ ወራት አጠማመድ በጀማ ወንዝ

ከኅዳር እስከ ጥር የሰሜን ሸዋን ደጋ ውርጭ ሲመታው፣ ከደብረ ብርሃን በኩል እንደሚወርደው በረሳ ያሉ ገባሮች ቀዝቃዛ ውሃቸውን ይዘው ወደ ጀማ ይገባሉ። የአሳ የሰውነት ሙቀት ከሚኖርበት ውሃ ጋር አብሮ የሚወርድና የሚወጣ በመሆኑ፣ ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር የምግብ ፍላጎቱም እንቅስቃሴውም ይቀንሳል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ አሳ ፈላጊው ሲበዛ አሳው መስነፉ ለአጥማጅ የሚያበሳጭ ነው፤ ሆኖም ብዙዎች እንደሚያደርጉት ወዲያው ዳር ለዳር ቦታ መቀያየር ከመጀመር በፊት ማጥመጃውን ማሳነስ ይቀድማል።

በክረምት ድፍርስ ውሃ ወፍራም ክርና ትልቅ መንጠቆ ችግር አያመጡም። በበጋ ግን ውሃው ስለሚጠራ አሳው ሁሉንም ያያል፤ ስለዚህ ለነጭ አሳ 0.20 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ናይሎን ክርና 10 ወይም 12 ቁጥር መንጠቆ ይበቃል (የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መጠኑ ያንሳል)። ሙሉ የምድር ትል ከመሰካት ይልቅ የጣት ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ይሻላል፤ ትል ካልተገኘ ጠንከር ተደርጎ የታሸ የገብስ ሊጥ በሽምብራ ቅንጣት ልክ ተድቦልቡሎ ይሰካል። ለማባበል ፍርፋሪ የሚበትን ሰው ከአንድ ቆንጠር አይለፍ፤ ትንሽ የሚበላ አሳ በፍርፋሪው ጠግቦ መንጠቆውን ይተወዋል።

ዋናው ጥበብ ቡሹ (ክሩ ላይ ታስሮ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ምልክት) ላይ ነው። ጫፉ ብቻ ከውሃ በላይ እስኪቀር ድረስ ትናንሽ የእርሳስ ብረት ክብደቶችን በክሩ ላይ መጨመር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሰነፈ አሳ ቡሹን አያሰምጥም። አንዳንዴ ጫፉ በትንሹ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴ ነፋስ ሳይኖር ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ አሳው ማጥመጃውን ከእርሳሱ ጋር ከወለሉ ሲያነሳው ደግሞ ቡሹ ከፍ ብሎ ይጋደማል። ይህን የመጨረሻውን ምልክት ጀማሪዎች ማዕበል ነው ብለው ያልፉታል። ያን ጊዜ ዘንጉን በእጅ አንጓ ብቻ ቀስ አድርጎ ማንሳት ይገባል፤ በኃይል መንጨቅ ቀጭኑን ክር ይበጥሳል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ፀሐይ ውሃውን ካሞቀችበት ከእኩለ ቀን እስከ አሥር ሰዓት ያለው ይመረጣል፤ አምባዛ ግን በማሽተት እየተመራ ማታ የሚበላ ስለሆነ ሲመሽ ከወለሉ ይጠበቃል። ፈጣኑ ውሃ አብቅቶ ጥልቁ በሚጀምርበት ጠርዝ፣ ጥላን ውሃው ላይ ሳይጥሉና ድንጋይ ሳያንኳኩ መቀመጥ ያስፈልጋል። አሳ እንቢ አለ ብሎ አሳ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ቀጥቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ መርዙ ትልቁን ከጫጩቱ አይለይም።

አንድ አሳ ከተያዘ በኋላ የቡሹን ቦታ ሳይነኩ በዚያው ጥልቀት ወደዚያው ጠርዝ መመለስ ይበጃል፤ በብርድ ጊዜ ነጭ አሳ ብዙውን ጊዜ ለብቻው አይቆምም።