ችግር ሲመጣ የመንግሥት እፎይታ እንዳያልፋችሁ፦ ለገጠር ነጋዴ የተጻፈ መመሪያ

ክፉ ቀን ሲመጣ መንግሥት መግለጫ ያወጣል። የግብር ዕዳ ተሰረዘ፣ ወለድና ቅጣት ተነሣ፣ ብድር ይራዘማል ይባላል። ነጋዴው ዜናውን ሰምቶ እፎይ ይላል። ከወራት በኋላ የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ሲደርሰው ግን «ተሰርዟል ተብሎ አልነበረም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ አዲስ ቅዳም ከተማ ለነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ድንች የሚያስጭኑ፣ ከሰል የሚነግዱ፣ ምግብ ቤት የከፈቱ ሰዎች ናቸው። ያንን ጥያቄ ከእነርሱ አፍ መስማት ስለሚያመኝ የማውቀውን ልጻፍ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ፦ ግብራችሁን የሚሰበስበው ማን ነው? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በግል ስሙ የሚነግድ ሰው ግብር የክልል ነው። ስለዚህ የገንዘብ ሚኒስቴር አዲስ አበባ ላይ የሚሰጠው መግለጫ በማግስቱ ወረዳችን ገብቶ ሥራ ላይ አይውልም። ክልሉ ተቀብሎ በደብዳቤ ወይም በመመሪያ ማውረድ አለበት። መግለጫ በሰማችሁ ጊዜ ወረዳ ገቢዎች ሄዳችሁ መጠየቅ ያለባችሁ «እውነት ነው?» ብላችሁ አይደለም። «ለእኛ ደረጃ ግብር ከፋይ የሚሠራበት ደብዳቤ ደርሷችኋል? ቁጥሩና ቀኑ ስንት ነው?» በሉ። ቁጥሩን ጻፉ። ካልደረሰም አለመድረሱን ዐውቃችሁ ትመለሳላችሁ፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው።

የ2012ን የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ምሳሌ ላድርገው። መጋቢት 22 ቀን አዲስ ቅዳም ከባሕር ዳር፣ ከእንጅባራና ከቲሊሊ ጋር ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ተዘጋባት። ያ ጊዜ ሁዳዴ ነው፤ ከፊቱ ፋሲካ አለ፤ በግ፣ ዶሮ፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሚነግድ ሰው የዓመት ገበያውን የሚጠብቅበት ወቅት። መጋቢት 30 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ሚያዝያ 22 ደግሞ የግብር እፎይታው ተነገረ፦ እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ ያለ ውዝፍ የግብር ዕዳ ተሰረዘ፤ ከ2008 እስከ 2011 ላለው ወለድና ቅጣት ተነሣ፤ ሥራ ተዳክሞባቸው ሠራተኛ ሳይበትኑ ደመወዝ የከፈሉ አሠሪዎች ከደመወዝ የሚቆርጡትን ግብር ለአራት ወር እንዳይከፍሉ ተፈቀደ። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ዓመትና ሁኔታ እንዳለበት ልብ በሉ። የ2012 የራሱ ግብር ተሰረዘ የሚል ቃል የለበትም። ብዙ ሰው ግን የሰማው «ግብር ቀረ» የሚለውን ብቻ ነበር። መግለጫ ስትሰሙ ሦስት ነገር ለዩ፦ የየትኛው ዓመት ዕዳ ነው፣ ዋናው ግብር ነው ወይስ ወለድና ቅጣቱ፣ ምን ላደረገ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሥራ በቆመበት ቀን ለወረዳ ገቢዎች ደብዳቤ ጻፉ። ኃላፊው ጎረቤታችሁ ቢሆንም፣ ከተማው በሙሉ ተዘግቶ ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነገር ቢሆንም ጻፉ። አንድ ወፍጮ ቤት ያለው ደንበኛዬ በዚያ ሰሞን ከመዘጋቱም በላይ መብራት ተቋርጦበት ለወራት ቆመ። አንድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ሲነግር «ችግር የለም፣ የሚታወቅ ነገር ነው» ተባለ። ያን ያለው ኃላፊ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ሐምሌ ላይ ግብሩ ዓመቱን ሙሉ እንደፈጨ ሰው ተሰልቶ መጣ። ሰውየው አልዋሸም፣ ኃላፊውም ምናልባት በቅን ልቡ ነው የተናገረው፤ ነገር ግን ፋይሉ ውስጥ አንዲት ወረቀት የለችም። አዲሱ ሠራተኛ የሚያነበው ፋይል ነው።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። እኔ ለደንበኞቼ የምጽፈው ይህን ይመስላል፦

«ለ… ወረዳ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ የወፍጮ ሥራዬ የቆመ መሆኑን ስለማሳወቅና የግብር መክፈያ ጊዜ እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ። በ… ቀበሌ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር … የተመዘገብኩ ስሆን፣ ከ… ቀን ጀምሮ በ… ምክንያት ሥራዬ የቆመ መሆኑን አሳውቃለሁ። ሥራው የቆመባቸው ወራት በግብር ስሌቱ እንዲታዩልኝ፣ ያለብኝንም ግብር በ… ወር ከፋፍዬ እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ማስረጃ … ገጽ አባሪ አድርጌያለሁ።»

በሁለት ቅጂ አዘጋጁት። ለኃላፊው በእጅ አትስጡ፤ መዝገብ ቤት አስገቡት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በቅጂያችሁ ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ጽፋ ማኅተም ትምታላችሁ። ያቺ ቅጂ ከብር በላይ ናት። «ተዉት፣ እኔ አደርሰዋለሁ» የሚል ደግ ሰው ቢገጥማችሁ አመስግናችሁ ቁጥሩን ጠብቁ። ኃላፊ የለም ተብሎ ደብዳቤ አይመለስም፤ መዝገብ ቤት የተቋቋመው ለዚህ ነው።

ማስረጃ ስትፈልጉ ከወሬ ይልቅ ቁጥር የያዘ ነገር አስቀድሙ። ለወፍጮ የመብራት ቢል የሚያህል የለም። ያ ደንበኛዬ መጨረሻ ላይ የረዳው ይህ ነው፦ የቆመባቸው ወራት ቢሎች ላይ ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ አንድ ነበሩ። ቆጣሪ ካልዞረ እህል አልተፈጨም፤ በዚህ ላይ ክርክር አይነሣም። ለጫኝ ነጋዴ የመኪና መጫኛ ደረሰኝ፣ ለምግብ ቤት የዱቄትና የዘይት መግዣ ደረሰኝ መቀነሱ፣ ለሁሉም የባንክ ሒሳብ እንቅስቃሴ ይረዳል።

ሰብልና ዛፍ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ግን ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል። የእኛ ወረዳ ኑሮ ዲከረንስ የሚባለው ለከሰል የሚተከል የግራር ዓይነት ዛፍ ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ አራት አምስት ዓመት ቆይቶ ቆርጦ ያከስለዋል፤ ከሰሉ አዲስ አበባ ይወርዳል። ከ2012 ወዲህ ደግሞ ዋግ የሚመስል የፈንገስ በሽታ ገብቶ ገና ያልደረሰውን ዛፍ አደረቀው። በዚህ ጊዜ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማሳው ድረስ መጥቶ ስፋቱን፣ የዛፉን ዕድሜና የደረቀውን መጠን ጽፎ መፈረም አለበት። ዛፉን ቆርጣችሁ ካነሣችሁ በኋላ ባለሙያ መጥራት ትርፉ ድካም ነው። በስልካችሁም ፎቶ አንሡ፤ ባለሙያው በማሳው ውስጥ ቆሞ የሚታይበት ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ከሰል ነጋዴውም የዚህን ወረቀት ቅጂ ከገበሬው ይቀበል፤ የእርሱ ገቢ ለምን እንደወረደ የሚያስረዳው ይኸው ነውና።

የግብር ውሳኔው ደርሶ ካልተስማማችሁ ቀን ቁጠሩ። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው ማስታወቂያው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። የቅሬታው ውሳኔም ካላረካ በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይቀርባል፤ ለዚያ ግን ከተከራከራችሁበት ግብር ግማሹን ማስያዝ ግድ ነው። ክልሎች የየራሳቸው አዋጅ ስላላቸው የእናንተን ቀን ከወረዳችሁ አረጋግጡ። ግማሹን ማስያዝ ለትንሽ ነጋዴ ከባድ ነው፤ ያልበላበትን ዕዳ ግማሽ አምጣ እንደማለት ሆኖ ይታየኛል። ስለዚህ ጉልበታችሁን ሁሉ በመጀመሪያው ቅሬታ ላይ አውሉ። ማስታወቂያውን ስትቀበሉ የተቀበላችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ፈርሙ፤ ሠራተኛው ባዶ ቦታ ላይ ፈርሙ ቢላችሁ አትፈርሙ።

መዝገብ የምትይዙ ከሆነ ኪሳራችሁንም አስታውቁ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ተቀባይነት ያገኘ ኪሳራ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ወደፊት ተሻግሮ ከትርፍ ላይ ይቀነሳል። በክፉ ዓመት «ምንም አልሠራሁም፣ ምን አሳውቃለሁ» ብሎ የቀረ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ባለማሳወቁ ይቀጣል፣ ኪሳራውንም ያጣል።

ሠራተኛ ያላችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አታሰናብቱ። በ2012ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ሠራተኛ መቀነስ ተከልክሎ ነበር። በመደበኛው ጊዜም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራ ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀን ከቆመ የሥራ ውሉን ማገድ ይፈቅዳል። ይህን ለማድረግ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ የሚፈቀደውም ከ90 ቀን አይበልጥም። ሦስት ቀን አጭር ናት። አንድ ደብዳቤ ለገቢዎች ስትጽፉ ሁለተኛውን ለዚህ ጻፉ።

ብድር ላይ ምክሬ አንድ ነው፦ የመጀመሪያው ክፍያ ሳያልፋችሁ ሂዱ። ሳይዘገይ የመጣ ተበዳሪና ሦስት ወር ጠፍቶ የመጣ ተበዳሪ እኩል አይታዩም። ማራዘሚያውንም በጽሑፍ ጠይቁ፣ አዲሱን የክፍያ ሰሌዳ በእጃችሁ ተቀበሉ፤ በተራዘመው ጊዜ ወለዱ እየቆጠረ መሆን አለመሆኑን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። አዲስ ብድር ለሚሹ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል፤ ከብት፣ ሰብልና ማሽን ማስያዝ ይቻላል። ቤትና ቦታ የለህም ብለው ሲመልሷችሁ ይህን አዋጅ ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

እህል፣ ሽንኩርት፣ ዘይት የምትነግዱ ደግሞ ይህን ስሙ። ክፉ ቀን እፎይታ ብቻ አያመጣም፣ ቁጥጥርም ያመጣል። መጋቢት 2012 የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ እንደተገኘ የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ብዙ ሱቆችም ታሸጉ። ያለ ምክንያት የሰቀሉ ነበሩ፤ ራሳቸው በውድ ገዝተው በውድ የሸጡም ነበሩ። ሁለቱን የለየው የመግዣ ደረሰኝ ነው። የዋጋ ዝርዝር ለጥፉ፣ የገዛችሁበትን ደረሰኝ በዕለቱ ከዕቃው ጋር አያይዙ፤ ከገበሬ ያለ ደረሰኝ የምትገዙ ከሆነ ቀኑን፣ መጠኑን፣ ዋጋውን ጽፋችሁ ሻጩን አስፈርሙ። መጋዘን ውስጥ ያለ እህል የማን እንደሆነና መቼ እንደገባ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ፣ በእጥረት ጊዜ ደብቆ አከማችቷል መባል ቀላል ነው።

የመጨረሻው ነገር ንግድ ፈቃድ ነው። ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ሲሆን፣ ያለ ግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ወረቀት፣ ግን አይታደስም። ግብር ላይ ክርክር ካላችሁ በታኅሣሥ ማለቂያ አትሂዱ፤ ጥቅምት ላይ ሄዳችሁ ስምምነት የደረሳችሁበትን ክፍያ ጀምሩና የክሊራንሱን ጥያቄ በደብዳቤ አቅርቡ። ሥራው ጨርሶ እንደማይመለስ ከወሰናችሁ ደግሞ በሩን ቆልፎ መሄድ አይበቃም። ፈቃዱን ለንግድ ጽሕፈት ቤት መልሱ፣ በ30 ቀን ውስጥም ለገቢዎች ማቆማችሁን አሳውቃችሁ ከመዝገብ እንዲያወጧችሁ ጠይቁ፤ ይህን እስካላደረጋችሁ ድረስ ግብሩ በስማችሁ መቆጠሩን ይቀጥላል።