የድሮ ፊያት 124 ስፓይደር ፍሬንና ሞላ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ ክሪክ ማስገባት፣ ጎማ መፍታትና የፍሬን ሸራ አይቶ ማለቅ አለማለቁን መለየት ለሚችል ሰው ነው። የፍሬን ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ሸራው አላለቀም፣ የጎማው ነፋስ እኩል ነው ብዬ ነው የምነሳው። እነዚህን ያላየ መጀመሪያ ይያቸው።

የማወራው ፒኒንፋሪና ስለቀረጸው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1966 እስከ 1985 ስለተመረተው ክፍት ፊያት ነው። ባለ አራት በሩ 124 ያላችሁም ብዙው ይሠራላችኋል። ላዳ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ላዳ ከ124 ቢወለድም ፍሬኑ ሌላ ነው። ስፓይደሩ አራቱም እግሩ ዲስክ ሲሆን ላዳ ከኋላ ታምቡር ነው። የላዳ የፊት ካሊፐርም (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው እቃ) ሁለት ፒስተን ፊት ለፊት የገጠመ እንጂ የሚንሸራተት አይደለም። «የላዳ ይገባል» ብሎ እቃ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ከአሮጌው እቃ ጎን አስቀምጣችሁ ሳትለኩ ብር አታውጡ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። የነዚህ መኪኖች ብረት ጠንካራ ነው። የሚሞተው ላስቲኩና ዘይቱ ነው። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ዓመታት የቆመች መኪና ደግሞ በየቀኑ ከምትነዳው ትብሳለች። «አባቴ ብዙም አልነዳትም» ሲባል ሰው ይደሰታል፤ እኔ ግን ሁሉንም ላስቲክ ልቀይር መሆኑን አውቃለሁ።

ምልክት፦ ፔዳሉን ትለቃላችሁ፣ ጎማው አይለቅም

ደሴ ላይ አብዝቼ የማገኘው ይሄን ነው። ባለቤቱ «መኪናዋ ከበደችኝ፣ ጉልበት አጣች» ብሎ ይመጣል። ካርቡሬተር አስጠርጓል፣ ካንዴላ ቀይሯል፣ አሁን ደግሞ ፍሪሲዮን ሊያስወርድ ነው። ጎማዋን አንስቼ በእጄ ሳዞራት አትዞርም። ቸርኬው እጅ አያስጠጋም። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ፍሬኗን ይዛ ነው ዳገት የወጣችው።

ጥፋተኛው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ላስቲክ ቱቦው፣ ካሊፐሩ ወይም ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ሲሊንደር)። የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንድ ቁልፍና አንድ ረዳት ይበቃችኋል። እባካችሁ ይህን ሳታደርጉ እቃ አትግዙ።

መኪናውን አንሱና ቋሚ ላይ አሳርፉት። ረዳታችሁ ፔዳሉን አጥብቆ ረግጦ ይልቀቅ። ጎማው እንደያዘ ከቀረ፣ የብረት ቱቦው ከላስቲክ ቱቦው ጋር የሚገናኝበትን ዳዶ ትንሽ አላሉ። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከለቀቀ ችግሩ ከዚያ በላይ ነው፤ ወደ ማስተሩ ሂዱ። ካልለቀቀ ዳዶውን መልሳችሁ አጥብቁና ካሊፐሩ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ክፈቱ። አሁን ከለቀቀ ጥፋቱ በሁለቱ መካከል ካለው ላስቲክ ቱቦ ነው። በዚህም ካልለቀቀ ካሊፐሩ ራሱ ነክሷል።

እኔ ዘንድ ከሚመጡት አብዛኞቹ ቱቦው ላይ ነው የሚያበቁት። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ አያፈስም፣ አልተሰነጠቀም። ከውስጥ ግን ላስቲኩ አብጦ ቀዳዳው ጠብቧል፣ ወይም ተልጦ የተንጠለጠለ ቁራጭ አለው። እግራችሁ ጉልበት ስላለው ዘይቱን አስገድዶ ያሳልፈዋል። ሲመለስ ግን የሚገፋው የለም፣ እዚያው ይታሰራል። አንዱን አሮጌ ቱቦ በቁመቱ በምላጭ ሰንጥቄ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ቀዳዳው መርፌ አያስገባም። «ቱቦው እኮ አያፈስም» ለሚል ሰው እሱን አውርጄ በእጁ አስይዘዋለሁ።

አሁን ስለ «ኦሪጅናል» እናውራ። አንድ ደንበኛዬ ዘመድ ከውጭ የላከለትን ቱቦ ከነካርቶኑ ይዞልኝ መጣ። ካርቶኑ የጣሊያንኛ ጽሑፍ አለው፣ ተከፍቶ አያውቅም። «አያ፣ እንዲህ ያለ እቃ ዛሬ አይሠራም!» አለኝ ደስ ብሎት። ቱቦው ላይ የታተመውን ዓመት አነበብኩለት። ካርቶን ውስጥ ሆኖ ነው ያረጀው። ትንሽ አጠፍ ሳደርገው ላዩ ተሰነጣጠቀ። እኔ አልገጥመውም አልኩት። ተቀይሞኝ ሌላ ቦታ ወስዶ አስገጠመ፤ ክረምቱ ሳይወጣ መኪናዋ ተጎትታ መጣች። ላስቲክ በካርቶን አይጠበቅም። በቅርብ የተመረተ መሆኑን ከራሱ ከቱቦው ላይ አንብቡ። ዓመት ያልተጻፈበትን አትግዙ።

ስትቀይሩ የፊትና የኋላውን ሁሉ አንድ ላይ ቀይሩ። አንዱ ከሞተ ሌሎቹም እድሜያቸው ያው ነው። የመዳብ ሮንዴላውን አዲስ አድርጉ። ስታጠብቁ ቱቦው አይጠማዘዝ። ከጨረሳችሁ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ቀኝና ግራ አዙራችሁ ቱቦው ጎማም ሆነ ሞላ እንደማይነካ በዓይናችሁ እዩ። የብረት ቱቦው ዝጎ ከሆነ ደግሞ የፍሪጅ መዳብ ቱቦ የሚገጥም ሰው ጋ አትሂዱ። ያ ቱቦ ለጋዝ የተሠራ ነው። የፍሬንን ግፊትና ንዝረት አይችልም። ይህን ነገር በተደጋጋሚ አይቻለሁ፣ ባየሁ ቁጥርም ያናድደኛል፤ ከኋላ ወንበር ልጆች ይቀመጣሉ እኮ።

ማስተሩ ላይ ከሆነ ከሁሉ በፊት የፔዳሉን ዘንግ እዩ። ዘንጉ ፒስተኑን ከመግፋቱ በፊት ትንሽ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ክፍተት ከሌለው ፒስተኑ እስከ ጥጉ አይመለስም፣ ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ቀጭን ቀዳዳም ይዘጋል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ምንም አይታወቅም። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ መሄጃ ያጣል፣ ማንም ሳይረግጥ ፍሬን ይይዛል። አዲስ ማስተር በተገጠመ ሰሞን የሚመጣ ይህ ችግር ከዘንጉ ርዝመት ነው።

ካሊፐሩ ከነከሰ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

ምልክት፦ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል

ሁለቱን ሸራ አወዳድሩ። የውስጡ አልቆ የውጩ ወፍራም ከሆነ ካሊፐሩ መንሸራተት አቁሟል። የ124 ካሊፐር በሁለት የብረት ሽብልቆች ተይዞ በማቀፊያው ላይ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት አለበት። የደሴ ጉምና ጭቃ እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ገብቶ ዝገት ይሠራል። የማቆሚያ ሽቦዎቹን አውጡ፣ ሽብልቆቹን በቀስታ በመዶሻ መትታችሁ አስወጡ፣ ካሊፐሩን አንሱት። በላስቲክ ቱቦው አታንጠልጥሉት፤ በሽቦ እሰሩት። የሚንሸራተትበትን ፊት በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ አጽዱ። ሞርድ አታስነኩት፤ ከተሞረደ ልል ይሆንና ይንኳኳል። ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ በስሱ ቀቡ። የኩሽኔታ ግሪስ አይሆንም። በሙቀት ቀልጦ ሸራው ላይ ይወርዳል፣ ላስቲኩንም ያበላሻል። ሲገጠም ካሊፐሩ በእጅ ግፊት መንቀሳቀስ አለበት። ፒስተኑ ዝጎ ከተቦረቦረ ፒስተኑንም ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገውን ላስቲክ ጎሚኒውንም ቀይሩ። በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መመለስ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው።

የኋላውን በተመለከተ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የኋላ ካሊፐር ፒስተን ውስጥ የእጅ ፍሬኑ ጥርስ አለ። ወደ ውስጥ የሚመለሰው እየዞረ ነው፤ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ እየገፋችሁ አዙሩት። በሞርሳ ወይም በትልቅ ፒንሳ የሚጨምቀው ሰው ውስጡን ይሰብረዋል። ከዚያ በኋላ የእጅ ፍሬን የለም። ለዚህ የሚሆን ካሊፐር ደግሞ ከደሴ እስከ ወልዲያ ብትዞሩ አታገኙም።

ምልክት፦ ሀረጎን ስትወርዱ ፔዳሉ ይሰምጣል

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ያን ሁሉ በሀረጎ ቁልቁለት በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ትወርዱታላችሁ። ከላይ ደህና የነበረ ፔዳል መሃል ላይ ስፖንጅ ሆኖ ወለል ከነካ ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥቡ 155 ነው። እንፋሎት ይጨመቃል፣ ዘይት አይጨመቅም። ለዚህ ነው ፔዳሉ ባዶ የሚሆነው።

ማጠራቀሚያውን ክፈቱ። ዘይቱ እንደ አቦል ቡና ከጠቆረ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ሁሉንም አስወጥታችሁ በዶት 4 ሙሉት፣ በየሁለት ዓመቱም ቀይሩ። ትንንሽ ያልተከፈተ ቆርቆሮ ግዙ። ሱቅ ውስጥ ከተከፈተ ጀሪካን እየተቀዳ የሚሸጠውን በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ። ዘይቱ ቀለም ይልጣል፤ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠቡ።

ከሁሉ የሚከፋው የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የሚጨምር ሰው ነው። ከሐይቅ ከተማ ስትመለስ ዘይት የጎደላት አንዲት ስፓይደር መንገድ ላይ የመሪ ዘይት ተጨመረላት። «ዘይት ዘይት ነው» ብሏቸዋል ረዳቱ። እኔ ጋ ስትደርስ የማጠራቀሚያው ክዳን ላስቲክ አብጦ ወደ ቦታው አልመለስ ብሎ ነበር። ያን ካያችሁ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ሁሉ እንደዚያው አብጧል። ማጠብ አያድንም። የማስተሩ፣ የአራቱም ካሊፐር ጎሚኒና ቱቦዎቹ በሙሉ ይጣላሉ፤ የብረት ቱቦው በአልኮል ይታጠባል። የዚያች መኪና ባለቤት ለአንድ ጠርሙስ ዘይት የከፈሉት ዋጋ አዲስ ጎማ ይገዛ ነበር።

ፔዳሉ መንገድ ላይ ከሰመጠባችሁ ቶሎ ቶሎ እየረገጣችሁ ማርሽ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ፣ መኪናውን ወደ ተራራው ጎን ጠጋ አድርጉት። ሲቆም እዚያው ይቀዝቅዝ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍስሱ። ሀይላንድ ይዞ ሮጦ የሚመጣ ደግ ሰው አይጠፋም፤ አመስግናችሁ መልሱት። ዲስኩ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ሁልጊዜም ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ።

ዘይቱ አዲስ ሆኖም የፊቱ ብቻ የሚግል ከሆነ የኋላውን ከፍታ ጠርጥሩ። የ124 የኋላ ፍሬን ጭነት የሚመዝን ቫልቭ አለው፤ በዘንግ ከአክስሉ ጋር ተያይዟል። የእኛ ሰው ለኮረኮንች ብሎ ሞላው ሥር ብረት ያስገባና ኋላዋን ያነሳታል። ቫልቩ መኪናዋ ባዶ ናት ብሎ ለኋላው ግፊት ይቀንሳል፣ የፊቱ ሁሉን ይሸከማል። በተቃራኒው ሞላው ደክሞ ኋላዋ ከተቀመጠ ጭነት ያለ መስሎት አብዝቶ ይሰጣል፣ በዝናብ የኋላ ጎማ ቀድሞ ተቆልፎ መኪናዋ ትዞራለች። መፍትሄው ትክክለኛውን ሞላ መመለስና ዘንጉን ማስተካከል ነው።

በዚሁ ቫልቭ ምክንያት የኋላውን አየር ስታስወጡ አክስሉ ተንጠልጥሎ አይሁን። ከተንጠለጠለ ቫልቩ ዘይት ይይዛል፤ ቀኑን ሙሉ ብትረግጡ አየሩ አይወጣም። ጎማውን መሬት አስይዙት፣ ወይም አክስሉን ከሥር ደግፉት።

ምልክት፦ ከፊት ኳ ኳ ይላል፣ ጎማውን ከውስጥ በኩል ይበላል

ቦኮላው (ጎማውን የሚይዙት ክንዶች መጋጠሚያ ላይ ያለው ላስቲክ) አልቋል፣ ቦልጆይንቱም (ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ኳስ መሰል መጋጠሚያ) ሊሆን ይችላል። ቦልጆይንት በብየዳ አጥብቆ የሚመልስ ሰው ካገኛችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ቦኮላ ስትቀይሩ ብሎኑን መጨረሻ የምታጠብቁት መኪናው በአራት እግሩ መሬት ላይ ቆሞ ነው። ክሪክ ላይ ሳለ ካጠበቃችሁ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ በጥቂት ወር ይቀደዳል፤ ከዚያ ቦኮላው ፎርጅድ ነው ይባላል። አንዳንዱ እውነትም ፎርጅድ ነው። በጥፍር ስትጫኑት የማይሰጥ ደረቅ ከሆነ አትግዙት።

የፊት ሞላ ታጭቆ ነው የተቀመጠው። በትክክለኛ የሞላ መጭመቂያ ብቻ አውጡት። በሰንሰለትና በሽቦ አስሮ ማውረድ ሰው ይገድላል። ልጆች ከአጠገቡ አርቁ፣ ፊታችሁንም በአቅጣጫው አታድርጉ።

ኋላዋ በኩርባ ላይ የምትንሸራተት ከመሰላችሁ አክስሉን በአግድም የሚይዘው የፓናርድ ዘንግ ቦኮላ ነው። አሞርዛተር ካፈሰሰ ጥንዱን ቀይሩ። ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል፣ ወይም የጎማው ኩሽኔታ ላልቷል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ፒያሳ አካባቢ ሳይሆን ሰው በማይበዛበት፣ በቀስታ ፍሬን እየያዛችሁ አዲሱን ሸራ ከዲስኩ ጋር አላምዱት። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ቁሙና አራቱንም ቸርኬ በእጃችሁ ጀርባ ዳሱ። የግራና የቀኙ ሙቀት ተቀራራቢ ከሆነ ሀረጎን ውረዱ። አንዱ ከጓደኛው ይልቅ ከጋለ ወደ ጋራዥ ተመለሱና የዳዶውን ምርመራ በዚያ ጎማ ላይ እንደገና አድርጉ።