የልብ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ አላችሁ? ስለ ደሙ ከአሁኑ አስቡበት

ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ለልብ ኦፕራሲዮን ሪፈር የተጻፈለት ሰው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ገንዘብና ስለ ማረፊያ ነው። ከዚያ «ደም የሚሰጥ ሰው አዘጋጁ» ሲባል ዘመድ ጋ ስልክ መደወል ይጀመራል። እሱ ጥሩ ነው፣ አትተዉት። ግን ታማሚው ብዙ ደም ሳያስፈልገው እንዲወጣ ቤት እያለ መሠራት ያለበት ብዙ ነገር አለ፣ ይህን ደግሞ ቀድሞ የሚነግራችሁ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ።

ደም መውሰድ ሕይወት ያድናል። ሆኖም ሰውነት ሊቆጣበት ይችላል፣ አልፎ አልፎ ሳንባ ይጎዳል፣ ለደከመ ልብ ደግሞ ተጨማሪ ፈሳሽ ሸክም ነው። ካላስፈለገ ባይወሰድ ይሻላል።

ቀጠሮ እንደተያዘላችሁ ሲቢሲ የሚባለውን የደም ሴሎች ቆጠራ ተመርመሩ። የድሬዳዋው ድል ጮራ ሆስፒታልም የሐረሩ ሕይወት ፋናም ደህና ላብራቶሪ ያለው ክሊኒክም ይሠራዋል። ሄሞግሎቢን የሚለውን ቁጥር እዩ፣ ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል መጠን ነው፣ እዚህ የምንጠቅሰው በግራም በዴሲሊትር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለወንድ ከ13፣ ላልረገዘች ሴት ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ አለ ማለት ነው። ለልብ ኦፕራሲዮን ግን ብዙ ባለሙያዎች ሴቷም 13 ብትደርስ ይመርጣሉ። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ልብን ተክቶ ደም የሚያዞረው ማሽን ሥራ ሲጀምር ቱቦዎቹ በፈሳሽ የተሞሉ ናቸው፣ ያ ፈሳሽ ከታማሚው ደም ጋር ሲቀላቀል ደሙ ይቀጥናል። በ14 የገባ ሰው ይቋቋመዋል፣ በ10 የገባ ግን ገና ብዙ ሳይደማ ደም ወደሚያስፈልግበት ደረጃ ይወርዳል። ሰውነታቸው ትንሽ የሆኑ ሴቶችና ሕፃናት ብዙ ጊዜ ደም መውሰድ የሚያስፈልጋቸው አንዱ ምክንያት የራሳቸው ደም መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ ነው።

ቁጥሩ ዝቅ ካለ «አይረን ስጡኝ» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ለምን አነሰ? የወር አበባ ይበዛል? ጨጓራ ይደማል? የአንጀት ትል ወይም ወባ አለ? ከተቻለ ሰውነት ያከማቸውን አይረን የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራ ይታይ። የልብ በር ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ትኩሳት ከደም ማነስ ጋር ከመጣበት ያው ወባ ነው ብሎ መቀመጥ የለም፣ ልብ ውስጥ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

የአይረን ኪኒን ከታዘዘላችሁ በባዶ ሆድ፣ በሎሚ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ዋጡት። ሻይ፣ ቡና፣ ወተት፣ ሆጃም ጭምር፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቁት፣ አለበለዚያ አይረኑ በደንብ አይገባም። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ። ጨጓራ ካስቸገረ ሐኪሙን ቀን እየዘለልኩ ልውሰደው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በኪኒን ደም ለመሙላት ወራት ይፈጃል፣ ቀጠሮው ከቀረበ በደም ሥር የሚሰጠው አይረን ይቻል እንደሆነ አንሱ። ምግብ ላይ ምስር፣ ጉበት፣ ቀይ ሥጋ፣ ከበላችሁ በኋላ ፓፓያ ወይም ማንጎ። በርጫውን ግን አቦ ተዉት፣ ጫት የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፣ ከሱ ጋር የሚጠጣው ሻይም አይረኑን ያባክነዋል።

መድኃኒት ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ደም እንዳይረጋ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ክሎፒዶግሬል አብዛኛውን ጊዜ ከኦፕራሲዮኑ 5 ቀን በፊት ይቆማል፣ ዋርፋሪንም እንደዚሁ፣ አስፕሪን ግን ብዙ ጊዜ ይቀጥላል። የሚያቆመው ሐኪሙ ነው። የብረት ልብ በር ያለው ሰው ዋርፋሪኑን በራሱ ፈቃድ ካቆመ ደም ይረጋበትና ሊሞት ይችላል። ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ የምትገዟቸው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መድማት ያባብሳሉ። የጥቁር አዝሙድ ዘይትም፣ በባዶ ሆድ የሚበላው ነጭ ሽንኩርትም ለሐኪሙ ሳይደበቅ ይነገር።

ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ስትገናኙ ሳትፈሩ ጠይቁ። መድማት የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ ይሰጣል? የፈሰሰውን ደም አጥቦ የሚመልስ ማሽን አላችሁ? ልብን በሚተካው ማሽን ውስጥ የቀረው ደም ይመለሳል? ሄሞግሎቢን ስንት ሲሆን ነው ደም የምትሰጡት? እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ በ19 አገሮች ወደ 5,000 የሚጠጉ አዋቂ የልብ ቀዶ ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት፣ ከ7.5 በታች ሲወርድ ብቻ ደም የተሰጣቸው ከ9.5 በታች ከተሰጣቸው የባሰ ችግር እንዳልገጠማቸው አሳይቷል። ቁጥር ብቻውን አይወስንም፣ የሚደማ ወይም ግፊቱ የወረደ ሰው ሌላ ነው። ሐኪሙ «አሁን ያስፈልጋል» ካለ አትከራከሩ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ታማሚው አይብረደው፣ ብርድ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ መድማቱም ይበዛል። ለምርመራ በየቀኑ የሚቀዳው ደምም ይጠራቀማልና፣ በአንድ ጊዜ ተቀድቶ ብዙ ምርመራ ይሠራበት እንደሆነ ነርሷን በትሕትና ጠይቋት። ወደ ቤት ስትመለሱ አይረኑ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ሳታጣሩ አትውጡ፣ ከወር በኋላም ድሬ ላይ ሲቢሲውን ድገሙት።